መሳፍንት ያላነበበው ልብ ወለድ

መምህር መሳፍንት ከደብረ ሲና ወርዶ ሸዋ ሮቢት የተመደበው በ2004 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። ወፍራም ኮቱን እንደለበሰ መጣ፤ በሦስተኛው ቀን አወለቀው፣ ከዚያ ወዲያ አላየሁበትም። እኔ የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት እጠብቅ ነበር፤ የተገነጠለውንም እሰፋለሁ።

የዐሥራ አንደኛ ክፍል አማርኛ አስተማሪ ነበር። በዚያ ዓመት ተማሪው ሁሉ አንድ ለአምስት ይደራጅ ተባለ፤ አንድ ጎበዝ ተማሪ መሪ ሆኖ አምስት ልጆች ከሥሩ ይሆናሉ። ሌላው መምህር ቅጹን ሞልቶ ሲያስቀምጥ መሳፍንት ግን ልብ ወለድ ሊያስነብብበት ተነሣ። ለየቡድኑ ሁለት ሁለት መጽሐፍ ሰጠ። አንዱ በመማሪያ መጽሐፉ ላይ ስሙ የተጠቀሰ፣ ትልቅ የሚባል ነው። ሁለተኛው ማንም የማይጠቅሰው፣ መናኸሪያው አጠገብ ደምሴ ከሚያከራያቸው አንዱ ነው።

"ትልቅ መሆኑን መጽሐፉ ራሱ ይንገራችሁ፤ እኔ አልነግራችሁም" ይላቸው ነበር።

ከየመጽሐፉ ያለው ግን ጥቂት ቅጂ ብቻ ስለሆነ አንድ ቀን መጣና፣ "እትዬ ከበቡሽ፣ ይህን ስድስት ቦታ ይክፈሉልኝ" አለኝ።

"መጽሐፍ እንደ ድፎ ይቆረሳል እንዴ?"

"በላተኛው ስድስት ከሆነ ይቆረሳል።"

ስፌቱን ፈታሁና እያንዳንዱን ክፍል በነጭ ክር ሰፍቼ የካርቶን ሽፋን አበጀሁለት። እያንዳንዱ ልጅ ድርሻውን ያነብና ለቀሩት ይተርካል። ሳምራዊት የምትባል ተማሪ ለምትመራው ቡድን የደረሰው ሽፋን የሌለው፣ ደራሲው እንኳ የማይታወቅ መጽሐፍ ነበር፤ ባሏ ጨው ሊጭን አፋር ወርዶ የቀረባት የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ደምሴ ሁለተኛ ቅጂ አልነበረውም።

መሳፍንት ያንን መጽሐፍ ሆን ብሎ ሳያነብ ተወው። "ካነበብኩት መልሱን ከፊቴ ላይ ይሰርቁታል፤ እስቲ እነሱ ይንገሩኝ" አለኝ።

ርእሰ መምህሩ የኪራይ መጽሐፍ ክፍል መግባቱን አልወደደውም። በመጨረሻ እንዲህ ተስማሙ፤ ከወረዳ ጎብኚ ሲመጣ ልጆቹ ልብ ወለዶቹን ከነመጨረሻቸው ካስረዱ ይቀጥላል፤ ካልሆነ እንደ ሌላው መምህር ማስታወሻ ያስጽፋል።

እነሳምራዊት ከማንጎው ሥር ተቀምጠው ሲተራረኩ በመስኮት እሰማቸዋለሁ።

"አይመጣም፣ እዚያው አግብቷል።"

"አንቺ ሟርተኛ!"

የመጽሐፉ መጨረሻ ክፍል የደረሳት ከመካከላቸው መሪያም የምትባለው ልጅ ነበረች። "ተራዬ ሲደርስ ነው የምናገር" እያለች ታስጎመጃቸዋለች።

ሚያዝያ ላይ መሪያም ሁለት ቀን ቀረች። በሦስተኛው ቀን ሳምራዊት ቤቷ ድረስ ሄዳ መጣች። "ቪዛዋ ደርሶ ጅዳ ሄዳለች። ክፍሉንም በመንገድ እጨርሰዋለሁ ብላ ይዛዋለች። እናቷ፣ ኢንሻ አላህ ስትመለስ ትመልሰዋለች አሉኝ" አለችን። ጎብኚው ሊመጣ አራት ቀን ቀርቶ ነበር።

በዕለቱ ክፍሉ እንደ ምድጃ ይፋጅ ነበር። ወንበር ተሸክሜ ገብቼ በሩ አጠገብ ቀረሁ። ሌሎቹ ቡድኖች ተራ በተራ ተነሥተው ስለ ትልቁ መጽሐፍ ተናገሩ። የሁሉም ቃል አንድ ዓይነት ነው፤ ካለፈው ዓመት ተማሪ ደብተር የገለበጡት ነበር። ጎብኚው ግን ደስ ብሎት ራሱን ይነቀንቃል።

ሳምራዊት ተነሣች። ወረቀት አልያዘችም። "ትልቁ ላይ ያለችው ሴት ታለቅሳለች እንጂ አትራብም። ይቺኛዋ ግን ስትጠብቅ ምን እንደበላች፣ ሽንኩርት ለቀማ የት የት እንደዋለች እናውቃለን። ስለዚህ ለኔ ይቺ ትበልጣለች" አለች። መሳፍንት ደብተሩን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ ያዳምጣታል።

"ጎበዝ። ታዲያ ባልየው መጣ?" አለ ጎብኚው።

"አናውቅም ጋሼ። መጨረሻው ጅዳ ነው ያለው።"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጎብኚው ወደ መሳፍንት ዞረ።

"አንተስ መምህር? መጣ?"

መጣ ቢል ማን ያውቅበታል? አልመጣም ቢል ማን ይከራከረዋል?

"አላነበብኩትም" አለ።

"ያላነበብከውን ነው የምታስተምረው?"

መሳፍንት ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ለምን እንዳላነበበው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ልናገር ብዬ እጄን ከነጠላዬ አወጣሁ፤ ሰው ሁሉ ያየኝ መሰለኝና መልሼ ከተትኩት። ጎብኚው ጻፈ፣ ዘጋ፣ ወጣ።

ያንኑ ሳምንት ክፍሎቹን ሰብስቤ መልሼ እንድሰፋ ታዘዝኩ። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ከመሳፍንት ጋር ሠርተናል፤ አንድ ቀን እንኳ መጽሐፍ ሊዋስ አልመጣም። ጎብኚው ከሄደ በኋላ ባለው ሰኞ ጠዋት በክፍሉ በኩል ሳልፍ ጀርባውን ለተማሪው ሰጥቶ ሰሌዳ ላይ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። ሳምራዊት እጇን አወጣች።

"መምህር፣ እኔ ሳስበው ባልየው..."

"ጻፊ፣ ሳምራዊት" አላት፣ ሳይዞር። "ቁጥር ሦስት።"