መኪናዋ የያዘቻቸው ስሞች

ያስያዘኝ የገዛ አፌ ነው። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ የመኪና ሬዲዮና ስክሪን እጠግን ነበር። አንድ ቀን አንድ የጸጥታ ሹም ስክሪኑ ቀጥ ብሎበት ፒካፑን ይዞ መጣ። ሠራሁለት። እኛ ሠራተኞች ጉድለት ካየን ለባለቤቱ ሳንናገር መኪና አናስረክብም፤ ልማዳችን ነው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ፣ «ጌታዬ፣ ስልክዎን ሲያገናኙት የስልክ ማውጫዎን በሙሉ ቀድቶ አስቀርቶታል። ከስልክዎ ቢያጠፉትም እዚህ አለ። ፍላሽ የሰካበት ሰው ሁሉ፣ ማን ነህ ሳይባል፣ ገልብጦ ይወስደዋል» አልኩት። እናቴ «ዝም አይነቅዝም» ስትል ኖራለች፤ ማን ሰማት! ሹሙ አመስግኖኝ ሄደ። በማግስቱ ሁለት ሰዎች መጥተው ሰላይ ነህ ብለው ወሰዱኝ።

ያሰሩኝ ክፍል ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው። የገዳሪፍን ፀሐይ ለማያውቅ ሰው ምን ብዬ ልንገረው? ግድግዳው ያቃጥላል፤ መደገፍ አይቻልም። ጥግ ላይ የውሃ ጋን ቆሟል፤ በመስኮቷ የማሽላ አቧራ ይገባል። ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኘሁ። አንዱ ለሰሊጥ አጨዳ በመተማ በኩል የመጣ ጎንደሬ ነው፤ ወረቀት የለህም ብለው አስረውታል። ሌላው ሾዋክ ያደገ ያገሬ ሰው፣ ሾፌር፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ። ከአገራችን ወታደርነት ሸሽተው ድንበር የተሻገሩ ልጆችን በመኪናው ሲያመላልስ ነው የተያዘው።

«ተፈደል፣ ግባ! ሆቴሉ ጠባብ ነው እንጂ ባለቤቶቹ ደጎች ናቸው» አለኝ ሾፌሩ፣ ምንጣፉ ላይ እየተጠጋልኝ።

ፉል በአንድ ሳህን መጣ። እየበላን ሥራዬን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። እጁ ሳህኑ ላይ ቀረ።

«ወላሂ? እንግዲያ አንድ ነገር ንገረኝ። ኬላው ላይ ሲያስቆሙኝ የስልኬን ማውጫ ጠርጌዋለሁ። መኪናዬ ግን እዚህ ግቢ ውስጥ ቆማለች። እሷስ ታስታውሳለች?»

መዋሸት አማረኝ። «ታስታውሳለች፣ ጋሼ» አልኩት።

«የልጆቹ ስልክ እዚያ ውስጥ ነው። ያስጠጓቸውም ሰዎች። ካገኟቸው ወደ መጡበት ይመልሷቸዋል።» ከዚያ ወዲያ አልጎረሰም።

ጎንደሬው ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አድርጎ፣ «አይ የዘንድሮ መኪና! በቅሎ ትሻላለች። ማንን እንደጫነች ለማንም አትናገርም» አለ። ሦስታችንም ሳቅን። እውነቴን ነው፣ ያ ሳቅ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ጠዋት ጠሩኝ። መርማሪው በአረብኛ፣ «የሹሙን ምስጢር ማየት የቻልክ፣ የዚህን ሾፌር አውጣልን። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ» ብሎ ፍላሽ ሰጠኝ። ሚስቴ እርጉዝ ነበረች። ቤቴ ደግሞ ከዚያ በእግር የሚደረስ ነው። ፈራሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

መኪናዋ ውስጥ ገባን፤ መርማሪው ጎኔ ተቀምጦ የራሱ ስልክ ላይ አቀረቀረ። ቁልፉን ሳዞር ሾፌሩ ሲይዙት ይሰማው የነበረው የሱዳን ዘፈን ካቆመበት ቀጠለ። ማውጫውን ስከፍተው ስሞች መውረድ ጀመሩ። ዓይኔን ወደ መሪው መለስኩ። ከዚያ ሁሉን የሚጠርገውን ትእዛዝ ፈልጌ ነካሁት። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ተመልሶ ሲበራ እንደ አዲስ ቋንቋ ምረጥ አለ።

«ምን ሆነ?» አለ መርማሪው።

«ባዶ ነው።»

«ያ ውሻ ቀድሞ አጥፍቶታል ማለት ነው! አሳየዋለሁ!» ብሎ በሩን ከፈተ።

ዝም ብል ቤቴ እገባ ነበር፤ ዱላው ግን ለሾፌሩ ነው።

«እሱ አይደለም» አልኩት። «እኔ ነኝ። አሁን፣ እዚሁ አጠገብዎ ሆኜ።»

የተከተለውን አላወራም። ልጄም የተወለደችው እኔ እዚያው እያለሁ ነው። ወደ ክፍሉ ሲመልሱኝ ፉሉ ሳይነካ ቀርቦ ይጠብቀኝ ነበር። ሾፌሩ ፊቴን አይቶ ስሞቹን እንዳልሰጠሁ ገባው። ጣቶቼ አልታዘዝ ስላሉኝ ቆርሶ፣ አጥቅሶ፣ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እያለ አጎረሰኝ። አለቀስኩ።

«ፉል ወንድ ልጅ ያስለቅሳል እንዴ? ሚጥሚጣ እንኳ የለበትም እኮ!» አለ ጎንደሬው፣ የእሱም ዓይን እንባ ሞልቶ።

ሾፌሩ ከተፈታ በኋላ ብዙም አልቆየም፤ ነፍሱን ይማር። እኔ ዛሬ ሾዋክ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። መኪናውን የሚሸጥ ሰው ካጋጠመኝ ስክሪኑ የያዛቸውን ስሞች ሳልጠርግለት አልለቀውም። ወደ ከሰላ የሚሳፈሩ ያገሬ ሰዎች ልጅ አዝለው፣ ዕቃ ተሸክመው በደጄ ያልፋሉ። ከእነዚያ ስሞች የትኛው የማን እንደሆነ አላውቅም፤ አላነበብኳቸውማ። እነሱም እኔን አያውቁኝም። ስለዚህ ያለፈውን ሁሉ ሰላም እላለሁ። ብዙዎቹ ግራ እየገባቸው ይመልሱልኛል።

ልጄ አሁን አድጋለች። «አባዬ፣ ሰውዬውን ታውቀዋለህ እንዴ?» ትለኛለች።

«አላውቀውም» እላታለሁ፤ ደስ እያለኝ።