በአመድ ወንዝ ላይ የተሠራው ድልድይ

«አሳታፊ ጥናት» የሚባል ነገር ሲነሳ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ይህን ያሳየኝ አንድ የማስተርስ ተማሪ ነው። የአዲስ አበባ ኪራይ ከብዶን ወደ ሱሉልታ ከወጣን በኋላ፣ ጥናቱን ሊሠራ በኮንትራት ታክሲ ሰፈራችን መጣ። እናቴ የጫንጮ ልጅ ስለሆነች ኦሮምኛ እንደምችል ሰማና «እህቴ፣ አስተርጓሚ ሁኚልኝ» አለኝ። እሺ ያልኩት ለእሱ ብዬ አይደለም። በሰፈራችንና በትምህርት ቤቱ መካከል ወንዝ አለ፤ ክረምት ሲገባ ልጄን አዝዬ ነው የማሻግራት። እግሬ ድንጋዩ ላይ በተንሸራተተ ቁጥር ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። የተማረ ሰው ቢያይልን ድልድይ ይሠራልን ይሆናል ብዬ ነው።

ነጭ ስኒከር አድርጓል። የሰፈሩን ሽማግሌዎች «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላም አለና የቀረውን ኦሮምኛ ለእኔ ተወው። ከዚያ ተመራማሪዎቹ እናንተ ናችሁ፣ እኔ ተማሪያችሁ ነኝ፣ ዕውቀቱ ያለው እናንተ ጋ ነው እያለ ሰበከ። ሳልስቅ ተረጎምኩለት። ሰፈራችሁን መሬት ላይ ሳሉ ተባለ። ትልልቅ ሰዎች ቁጢጥ ብለው ቤቱን በጠጠር፣ ወንዙን በአመድ ሠሩለት። የአከራዬ አባት፣ እዚያው ሲያርሱ ያረጁ አዛውንት፣ አንድ የባሕር ዛፍ ጭራሮ አንስተው አመዱ ላይ አጋደሙ።

«ይሄስ ምንድን ነው አባባ?» አለ ተማሪው።

«ሪቂቻ» አሉ።

«ድልድይ ነው» ብዬ ተረጎምኩ። «ግን የለም፤ እንዲኖር የሚፈልጉትን ነው የሳሉት።»

«እህቴ፣ እሳቸው ያሉትን ብቻ ንገሪኝ። በተሳታፊዎች ሥራ ጣልቃ አንገባም።»

አዛውንቱ ወርደን ወንዙን እንየው ብለው ተነሱ። ሰፈሩን በእግር መዞር የዘዴው አንዱ ክፍል ነው ሲል የነበረውም ተማሪው ራሱ ነው። ተማሪው ጭቃውን አየ፣ ጫማውን አየ፣ ከአስፋልቱ ዳር ሆኖ ፎቶ አነሳና አመስግኖን ሄደ።

በሚቀጥለው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ከአዛውንቱ ጋር ጉዳዩ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድን። ባለሙያው በትህትና አዳመጠንና ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረ። ለካ ተማሪው የጥናቱን አንድ ቅጂ ሰጥቷቸዋል። ካርታው ላይ አመዳችን ሰማያዊ ወንዝ፣ ጭራሮው ድልድይ ሆነዋል። ከሥሩ «በነዋሪዎች የተረጋገጠ» ይላል።

«ድልድይ አላችሁ እኮ! ራሳችሁ ናችሁ የሳላችሁት። ከእናንተ የባሰበት ሰፈር አለ» አለን።

ብናስረዳው፣ ብንምል ብንገዘት፣ ጥናቱን ነው የሚያምነው። ስንወጣ ዝናቡ ጀምሯል።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ውሃው ደፍርሶ ሞልቷል። ልጄ ቦርሳዋን ራሷ ላይ አድርጋ ማዶ ቆማለች። ጫማዬን ሳወልቅ አዛውንቱ፣ «የዚያ ተማሪ ስልክ አለሽ?» አሉኝ።

«አለኝ አባባ።»

«በይ ደውዪለት። መጥቶ ልጅሽን በድልድዩ ያሻግርልሽ።»