ሞተሩ ጠፍቶም ያንኳኳል

ይህን ካቻቢቴ እየው እስቲ። የእንጨት እጀታው ጫፍ እንዲህ የለሰለሰው በእጅ እንዳይመስልህ፤ በአጎቴ ጆሮ ነው። አሁንም ሳሸተው የተቃጠለ ዘይትና የእሱ የፀጉር ቅባት ይሸተኛል። ኧረ ባይሸተኝ በወደድኩ።

አያ እለው ነበር። ቀሐ ወንዝ አጠገብ ከነበረችው ጋራዡ አብሬው እሠራ ነበር፤ እሱ በጆሮው፣ እኔ በኮምፒውተር። የካቻቢቴውን ብረት ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሰው ከሩቅ መኪናውን እየነዳ የሚመጣው ለዚያ ጆሮ ነበር፤ እንጀራውም ክብሩም እሱ ነው። "ሞተር እንደ ሰው ነው" ይለኛል፤ "ደጋግሞ ሳይጠራሽ አቤት እንዳትይ።" መቼም በእኛ አገር ማንነቱ ያልታወቀ ድምፅ ሲጣራ በመጀመሪያው አቤት አይባልም። የሰው ካልሆነስ?

አንድ ክረምት፣ እኩለ ቀን ላይ ጉም ከተማዋን ውጧት ሳለ፣ አንድ ሹፌር ከአምባ ጊዮርጊስ መጣ። መኪናው ዳገት ላይ አቅም ያጣል፤ የሞተሩ መብራትም በርቶ አልጠፋ ብሎታል። ኮምፒውተሩን ሰካሁ። ጥፋቱ የማንኳኳት ሴንሰሯ መስመር ላይ ነው አለኝ። የሞተሩ ጆሮ ናት በላት፤ ከጎኑ ተቀምጣ፣ ውስጡ ሲያንኳኳ ሰምታ ትናገራለች። መስመሯ ሲበላሽ መኪናው ይፈራና ጉልበቱን ይቀንሳል።

አጠገቧ ያለውን ብረት በብሎን መፍቻ ኪያቤ ቀስ አድርጌ መታሁ። መስማት ነበረባት፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለም። እጄን ካነሣሁ በኋላ፣ ማንም ሳይነካት፣ ቁጥሩ ዘለለ። ወይ ጉድ! ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣው፤ አያም አዳመጠ።

"ያንኳኳል" አለ አያ፣ ካቻቢቴውን ከጆሮው ሳያነሣ።

ተቀብዬው አዳመጥኩ። ንጹሕ ሞተር ነው። "ኧረ ምንም የለም፣ አያ።"

"ምነው፣ ደነቆርሽ እንዴ? ሞተሩ ይውረድ!"

የሹፌሩ አመዱ ቡን አለ። እኔ "ትንሽ ታገሡኝ" ብዬ ሞተሩን አስጠፍቼ የሴንሰሯን ሽቦ በጣቴ ተከተልኩት። ታች፣ ከብረት ማቀፊያው ጋር እየተፋተገ ልባሱ ተበልቶ እርጥበት ገብቶበታል። የሌለ ድምፅ ያስወራት የነበረው እሱ ነው። የተበላውን ቆርጬ አዲስ ሽቦ ቀጠልኩበት፤ አጥብቄም ጠቀለልኩት። በኪያቤ ስመታ ቁጥሩ ወዲያው መለሰልኝ። ሞተሩን አስነሣነው፤ መብራቱ የለም። ሹፌሩ "ተባረኪ፣ ሸጋ ልጅ!" እያለ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አጠፋ።

ጸጥ አለ። ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚወርደው ጠብታ ብቻ ይሰማል። አያ ግን አሁንም እንዳጎነበሰ ነበር።

"ያንኳኳል" አለ።

የጠፋ ሞተር! ሹፌሩ አማተበ። እኔ ከኮፈኑ ሥር፣ ከበሩ ውጭ፣ ጉሙ ውስጥ ሳይቀር ማየት ጀመርኩ፤ እውነትም የሆነ ሰው የቆመ መስሎኝ ነበር። አያ ካቻቢቴውን ከጆሮው አወረደ። አሁንም እየሰማው መሰለኝ፤ ፊቱ ተለወጠ።

"ከመኪናው አይደለም" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አንድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። አንዴ ብቻ። እንቅልፍ ይዞኝ ነበር... አቤት አልኩት፣ ልጄ። ከዚያ ወዲህ አልተወኝም።"

ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ የጆሮ ነርቭ ነው አለ። እኔም እንደዚያ ነው የማምነው፤ ጉም በወረደ ቀን ግን እንጃ። ማንኳኳቱ እየባሰ ሄዶ የሰውን ድምፅ ሁሉ ሸፈነበት። በመጨረሻ አያ ካቻቢቴውን አንሥቶ እጄ ላይ አኖረው፤ "ከእንግዲህ አንቺ ስሚልኝ" አለ። አለቀስኩ፤ ምን አባቴ ላድርግ!

ከጋራዡ ግን አልቀረም። በሩ ላይ፣ አሮጌ የብረት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል። አንድ ጉም የወረደበት ቀን ምሳውን ይዤ ከኋላው "አያ!" አልኩ። ደገምኩ፤ ሠለስኩ። ምንም። ጨነቀኝና የወንበሩን ብረት በዚሁ ካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጌ መታሁ፣ ሴንሰሯን እንደምሞክራት።

ቀና አለ። "አቤት" አለ፣ በመጀመሪያው። ግን ወደ እኔ አልዞረም፤ ወደ ውጭ፣ ወደ ጉሙ ነው ያለው።

ምሳውን አስቀምጬ ፊቱ ቆምኩ፤ እጁንም ያዝኩት። "እኔ ነኝ፣ አያ" አልኩት፣ እንደማይሰማኝ እያወቅኩ።