በሟች ስም የተጻፈ ቤት

ባሮ ወንዝ ሞልቶ ዳር ዳሩ ያሉትን ቤቶች ጠራርጎ በወሰደበት ክረምት የተፈናቃዮችን ስም የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ለእህልና ለመጠለያ ሸራ በጀት ተፈቅዶ ነበር፤ የሚታደለው ግን በአባወራ ስም ነው። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ማንጎው ሥር ጠረጴዛ ሰጡኝ። የኮንትራት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ስይዝ ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

በሁለተኛው ቀን አንዲት ኑዌር ሴት አራት ልጆቿን አስከትላ መጣች። ድሮ ኒውላንድ ሰፈር ጎረቤታችን ነበረች፤ ኋላ ነው ወንዙ ዳር የሄደችው። አባወራው ማን እንደሆነ ስጠይቃት የባሏን ስም ነገረችኝ።

ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ለቅሶው ላይ እኔም ተቀምጫለሁ። ግን ከደገኛ ወላጆች ብወለድም ያደግኩት ኑዌሮች መሀል ነውና ባህሉን አውቃለሁ። በእነሱ ዘንድ ባል ቢሞትም ሚስቱ የእሱ ሚስት ናት። ወንድሙ ቤቷን ይደግፋል፤ ከእሱም ብትወልድ ልጆቹ የሟቹ ናቸው፣ በሟቹ ስም ይጠራሉ። ታናሽየዋ ልጇ የተወለደችው እንደዚህ ነው። ስለዚህ ሳላንገራግር ስሙን ጻፍኩ። እንዲያውም ኮራሁ። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን በጥያቄ ያደርቃት ነበር እያልኩ።

ቀጥሎ ዝርዝሩን የሚያጣራ ሰው መጣ። ከቀበሌ የሞት መዝገብ ጋር እያስተያየ እሷ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይሄ ሰው በሕይወት አለ?" አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ማስረዳት እችል ነበር። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ግን በሞተ ሰው ስም እርዳታ የሚበሉ አሉ እየተባለ ሲወራ ሰንብቷል፣ የእኔም ኮንትራት ሊያልቅ ነው። "የነገሩኝን ነው የጻፍኩት" አልኩ። በቀይ ሰረዘው። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ በራሴ እናደዳለሁ። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሸራው በታደለ ዕለት ተሰልፋ ዋለች፤ የባሏ ስም ሳይጠራ ቀረ። ትምህርት ሊጀመር ስለሆነም ተፈናቃዮቹ ያደሩባቸውን የትምህርት ቤቱን ክፍሎች እንዲለቁ ተነግሯቸዋል። ልጆቿን ይዛ ደጅ ልትወድቅ ነው። አጣሪውን ደጅ ጠንቼ አንድ ነገር አስፈቀድኩ፦ በራሷ ስም፣ ባሏ የሞተባት ተብላ ከተመዘገበች ሸራውም እህሉም ይሰጣታል።

ስነግራት ገላመጠችኝ። "እኔ ባል አለኝ" አለች። "ልጆቹ የማን ነው ታዲያ?"

"በወንድሙ ስም ላድርገው?"

"እሱ የራሱ ቤት አለው። እዚያ ተጽፏል። ይሄ የሱ ቤት አይደለም።"

"እህቴ፣ ወረቀት እኮ ነው።"

"ወረቀት ከሆነ ለምን አልተዋችሁትም?" አለችኝ። ልጆቿን ይዛ ሄደች።

ሁለት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ታናሽየዋን ታቅፋ፣ ሌሎቹን አስከትላ መጣች። የታቀፈቻት ልጅ ክፉኛ ታስላለች፤ የለበሱት ሁሉ ርሷል።

"ጻፊ" አለችኝ።

ጻፍኩ። እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስጀምር "ጮክ በይ፣ እነሱም ይስሙ" አለች። ልጆቿን ማለቷ ነው። ስሟን አነበብኩ፤ ከዚያ ባሏ የሞተባት የሚለውን አነበብኩ። ትልቁ ልጅ ቀና ብሎ እናቱን አያት። እሷ አላየችውም። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች፣ ሸራውን ተቀብላ ጭንቅላቷ ላይ አስቀመጠች።

"ስንቀብረው እንኳን ባሏ የሞተባት ያለኝ ሰው የለም" አለችኝ።

የሚቀጥለውን ስም ጠራሁ።