አይጦቹ ሲታጠቡ፣ ወንድሜ ሲታጠብ

ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር። ለዕረፍት ላሊበላ ወላጆቼ ቤት መጥቼ፣ ደጃፉ ላይ ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ለመመረቂያ ጥናቴ የተቀረጹ የአይጦች ቪዲዮ አያለሁ። የማጠናው አይጥ ራሷን ስታጸዳ አንጎሏ ውስጥ የሚሆነውን ነው። ሥራው ያሰለቻል፤ ቪዲዮውን እያቆሙ፣ ወደ ኋላ እየመለሱ፣ የት እንደጀመረችና የት እንዳቋረጠች ምልክት ማድረግ ነው።

ታላቅ ወንድሜ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ዲያቆን ነው፤ የሳምንቱ ተረኛ አገልጋይ፣ ሰሞነኛም ስለነበር በማግስቱ ቅዳሴ ይገባል።

«ምን እያደረገች ነው?» አለኝ።

አይጥ ስትታጠብ ሥርዓት እንዳላት ነገርኩት። መዳፏን ልሳ አፍንጫዋን ትጠርጋለች፤ ከዚያ ፊቷን፣ የጆሮዋን ጀርባ፣ ሆዷን፣ መጨረሻ ላይ ጅራቷን። አንዳንዶቹ ግን ማቆም ያቅታቸዋል፤ ጸጉራቸው ተመልጦ ቆዳቸው እስኪቆስል ይቀጥላሉ።

«ታዲያ ምን ታደርጉላታላችሁ?»

«እኛ የምናጠናው ለምን እንደሆነ ነው።»

እጆቹን ነጠላው ውስጥ ከተታቸው። ከመከተታቸው በፊት ግን አየኋቸው፤ ጣቶቹ ተሰነጣጥቀው ደም ቋጥረዋል። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ከቤታችን ጀሪካን ግማሹን የሚጨርሰው እሱ ነው። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ንጽሕና ይወዳል» እያለች ትኮራለች። እኔም እስከዚያች ሰዓት ድረስ መንፈሳዊነት ይመስለኝ ነበር።

አመሻሽ ላይ የደብሩን አገልጋዮች የሚቆጣጠሩት ቄስ፣ ገበዙ፣ መጡ። ባለፈው ተራው ወንድሜ ሲታጠብ ውሃ አፌ ገባ፣ ጾሜን አፍርሻለሁ ብሎ ከበር ተመልሶ ነበር። ያለ አምስት አገልጋይ ስለማይቀደስ፣ ከሌላ ደብር ዲያቆን እስኪመጣ ሕዝቡ ቆሞ ጠበቀ። ነገም ከቀረ በቦታው ሌላ ሰው እንደሚተኩ ለአባቴ ነገሩት። አባቴ መሬት መሬት አየ። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ሥራ አያውቅም።

በትልልቅ ሰዎች ፊት መናገር አልችልም። ያን ቀን ግን ወደ ገበዙ ዞሬ፣ «አባ፣ ሕመም ይሆናል እኮ። እኛ የምናጠናቸው አይጦችም...» አልኩ።

«አይጧም ሰሞነኛ ናት እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

ሁሉም ሳቁ። ወንድሜም ሳቀ። ወልዲያ ወስደን ሐኪም እናሳየው ልል ያሰብኩትን ተውኩት። አባቴ ከሰሞኑ በኋላ ጸበል ይጠመቃል አለ፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል በጆግ ውሃ አፈሰስኩለት። እጁን ታጠበ፣ ፊቱን ታጠበ፤ ከዚያ ከንፈሩን ነክቶ ቆመ።

«ገባ?»

«አልገባም።»

«አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

ፎጣውን ሊያነሳ እጁን ዘርግቶ መለሰው። እንደገና ታጠበ፣ እንደገና ጠየቀኝ። እንደገና አልገባም አልኩት። መልሴ የሚያቆየው ፎጣው ጋ እስኪደርስ ብቻ ነበር። አባቴ ቀድሞ ወጥቷል፤ እናቴ ከበሩ ሆና ታየናለች። ደወሉ ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሂጂና ንገሪያቸው» አለኝ።

ነጠላዬን አጣፍቼ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ገበዙ ከወንዶች ጋር የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመዋል። መስቀላቸውን ተሳለምኩና፣ «ወንድሜ አይመጣም፤ ታሟል» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና አጠገባቸው ያለውን ሰው ሌላ ዲያቆን እንዲጠራ ላኩት።

ወደ ቤት አልተመለስኩም። ቅዳሴው እስኪጀመር ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ቀረሁ።