ነፃ መድኃኒት የተወደደባቸው ሲስተር ትርንጎ

ቡሬ አጠገብ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ የኤችአይቪ መድኃኒት ሲያድሉ የኖሩት ሲስተር ትርንጎ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ «ደግ ሰው አይበረክትም» ሲባል ሰማሁ። እኔ ከእጃቸው ሥራ የተማርሁ ነርስ ነኝ፤ ያልበረከቱበትን ምክንያት ስለማውቅ ዝም ብዬ ልሸኛቸው አልቻልሁም።

አንድ ጊዜ ከገበዝ ማርያም የመጡ ገበሬ የብልቃጡ መልክ ተለውጦባቸው ተጠራጠሩ። «ሲስተር፣ ይኸ ርካሹ ነው አሉ፤ ለድኻ የሚሰጠው» አሉ። ሲስተር ትርንጎ ክኒኑን መዳፋቸው ላይ አውጥተው «ብዙ ፋብሪካ ስለሚሠራው ዋጋው ወረደ እንጂ ጉልበቱ አልወረደም። ባይረክስማ ለእርስዎም ለእኔም አይደርስም ነበር» አሏቸው። ያን «ለእኔም» ያኔ ልብ አላልሁትም። ገበሬው ግን «ክኒኑስ በነፃ ነው፤ ለመምጫው ነው በግ የሸጥሁ» አሉ። ፍኖተ ሰላምን አልፈው ቡሬ ድረስ የሚመጡት የሚያውቃቸው ሰው እንዳያያቸው ነበር። የእኛ አገር ልማድ ነው፤ የቡሬው ሰው ፍኖተ ሰላም፣ የፍኖተ ሰላሙ ቡሬ ሄዶ ይወስዳል። ነዳጅ ሲጠፋ የመኪናው ታሪፍ ይንራል፤ መንገድ ሲዘጋማ ነፃው መድኃኒት በወርቅም አይገኝ። ሲስተር ትርንጎ የገበሬውን መመለሻ ከኪሳቸው ሰጥተው ሸኟቸው።

እኔስ? ሥራ በጀመርሁ ሰሞን የማውቃቸውን አንድ መምህር ወረፋ ላይ አይቼ «ውይ፣ እርስዎም እዚህ ነዎት እንዴ?» ብዬ ጮኽሁ። ወረፋው ሁሉ ዞሮ አያቸው። መምህሩ ሁለተኛ አልመጡም። ሲስተር ትርንጎ አልተቆጡኝም፤ «አንቺ ልጅ፣ የመድኃኒቱን ዋጋ ጨመርሽባቸው» ብቻ አሉኝ።

ታመው ሳሉ ቤታቸው ስሄድ የነገሩኝን በፈቃዳቸው እጽፋለሁ። እርሳቸውም መድኃኒቱን ይወስዱ ኖሯል፤ ከፍኖተ ሰላም፣ ተደብቀው። መንገዱ በተዘጋ ቁጥር መድኃኒታቸው ተቋረጠ፤ ሰውነታቸው ሲደክም የሳንባ ነቀርሳ ገባበት።

«ያ ሁሉ መድኃኒት በእጅዎ እያለ?» ብዬ አለቀስሁ።

«ከእኛ ዘንድ ብወስድ ስሜን መዝገብ ላይ የምትጽፊው አንቺ ነሽ» አሉ። «ፈራሁሽ፣ ልጄ። ከሞትሁ በኋላ ተናገሪው፤ ሐሜት መቃብር አይወርድም።»

ሲስተር ትርንጎ፣ መንገድ የዘጋውን፣ ታሪፍ የጨመረውን፣ አሽሙረኛውን ጎረቤት ሁሉ ልራገም ተነሥቼ ነበር፤ እርግማኑ እኔው ላይ ቆመ። ሥራ አስተምረውኝ፣ እንደ ልጅ አቅርበውኝ፣ ከእኔ ተደብቀው ሞቱ። ይኸን አፌን ይቅር ይበሉት። ሰው ሰውን በማይፈራበት ስፍራ ነፍስዎን ያሳርፍልን።