ስክሪኑ ላይ የሌለው አፕ

ስልኩን የሰጠኝ ባለቤቴ ነው። እኔ ደባርቅ ለማስተማር ስመደብ እሱ ሥራው ዳባት ስለሆነ እዚያው ቀረ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ያንቺ አርጅቷል ብሎ ሁሉን ነገር ራሱ አስተካክሎ ነበር ያመጣልኝ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩት።

አንድ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ወጥቼ በገበያው በኩል ዞርኩና አንዲት ባልደረባዬ ቤት ምሳ በላሁ። ቤቴ ሳልደርስ ደውሎ ዛሬ ምን አስዞረሽ አለኝ። ማን ነገረህ ስለው ሳቀ። ሌላ ቀን ተማሪዎች ይዘን ሊማሊሞ አፋፍ ድረስ ሄድን። አልነገርኩትም ነበር። ገና ከመኪናው እንደወረድን “ገደሉ ጫፍ ላይ እንዳትቆሚ” የሚል መልእክት ገባልኝ።

ያከራዩኝን እናት ጠረጠርኩ። ባለቤታቸው ቄስ ነበሩ፤ ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። በራቸው ላይ ተቀምጠው ባለፍኩ ቁጥር ወዴት ነው ልጄ ይሉኛል። መልስ መስጠት ተውኩ፤ ሰላምታቸውን በአንገቴ ብቻ እመልስ ጀመር። ባልደረቦቼንም ሸሸሁ። መንገዴ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት ሆነ። ያ ሁሉ ሜዳ እያለ ደባርቅ ጠበበችኝ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ መምህራን ክፍል ሆኜ የፈተና ወረቀት ፎቶ ላነሳ ስል ስልኩ ሞልቷል አለኝ። የማልፈልገውን ላጠፋ ሴቲንግ ገባሁና የአፖቹን ዝርዝር ከላይ ጀምሬ አየሁ። መሃል ላይ አንድ የማላውቀው አለ። ስክሪኑ ላይ ምልክት የለውም፤ ስሙም ከስልኩ ጋር አብሮ የተሠራ ያስመስለዋል። ስነካው መረጃው ተከፈተ። ሎኬሽን ሁልጊዜ ተፈቅዷል። ማይክሮፎንም ተፈቅዷል። ማጥፊያው ግን ደብዝዟል፤ ብነካው ብነካው አልሠራ አለኝ።

ስልኩን አስተካክሎ የሰጠኝ ባለቤቴ ነው። ፈቃዱን ብከለክለው ማወቄን ያውቃል። ብተወው አብሮኝ ይዞራል። ስልኩን ቤት ጥዬ ብወጣ ይደውላል፣ ካላነሳሁ ደግሞ ጥያቄው አያልቅም። ሦስት ቀን እንዲሁ ይዤው ዞርኩ። አጠገቤ እያለ ከሰው ጋር ማውራት አቃተኝ፤ ክፍል ውስጥ እንኳ ድምፄ ቀነሰ።

በአራተኛው ቀን ከትምህርት በኋላ ሚኒባስ ተሳፍሬ ዳባት ሄድኩ። እንደምመጣ ለማንም አልተናገርኩም። መናኸሪያው ስንገባ ባለቤቴ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

ሰላም አላልኩትም። የአፑን ገጽ ከፍቼ ፊቱ ያዝኩለት።

“ይሄን የጫንከው አንተ ነህ?”

ገጹን አየ። ከዚያ መንገዱ አያስተማምንም፣ አንድ ነገር ብትሆኚ የት ብዬ እፈልግሻለሁ አለኝ። መንገዱ በእውነትም አያስተማምንም፤ ይበልጥ የጎዳኝ ያ ነው።

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?”

እዚሁ ፊቴ አጥፋው አልኩት። የይለፍ ቃል አስገባ፣ አንድ የተደበቀ ፈቃድ አነሳ፣ የደበዘዘው ማጥፊያ በራ። ሲነካው አፑ ጠፋ፤ ሁሉም አንድ ደቂቃ አልፈጀም። እኔ ስንት ወር ውስጡ ኖሬያለሁ።

በዚያው ቀን ተመልሼ አከራዬ ዘንድ ገባሁ።

“እማማ፣ ያለ ጥፋትዎ ጠርጥሬዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።”

በምን እንደጠረጠርኳቸው አልጠየቁኝም። ይቅር ለእግዚአብሔር ብለው ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

ባለቤቴ ደጋግሞ ይቅርታ ጠይቆኛል፤ አሁንም ቅዳሜ ይመጣል። ስለ ስልኩ አናነሳም። ባለፈው ሳምንት ደውሎ የት ነሽ አለኝ፣ እንደማንኛውም ባል። አትክልት እየመረጥኩ ነበር። ገበያ ነኝ ለማለት ግን ቃሉ ቶሎ አልወጣልኝም።